51 ፔጋሲን ከጎጃም ሰማይ ላይ ፈልጎ ማግኘትና ፕላኔቱን በእርሳስ ማስላት

ይህ መመሪያ ሁለት ሥራዎችን ያሳያል። አንደኛው ፀሐይን የምትመስለውን 51 ፔጋሲ የተባለች ኮከብ ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣ፣ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከባሕር ዳር ሰማይ ላይ በዓይን ፈልጎ ማግኘት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በዚያች ኮከብ ጥግ የሚዞረውን፣ በዓይን የማይታየውን ግዙፍ ፕላኔት ርቀት፣ ፍጥነትና ግዝፈት (የያዘውን የቁስ መጠን) በወረቀትና በእርሳስ ማስላት ነው። የሚያስፈልገው ዕውቀት ከ10ኛ ክፍል ሒሳብ አይበልጥም፤ ሳይንና ሥር የሚያወጣ ማስሊያ ያለው ማንኛውም ስልክ ይበቃል። አንድ ተማሪ ይህን ስሌት በገዛ እጁ ሲሠራው፣ ስለ ሩቅ ዓለማት የሚነገረውን ሰምቶ ከመቀበል አልፎ መመርመር ይጀምራል ብዬ ስለማምን፣ ዋና ዋናዎቹን ደረጃዎች ሳላሳጥር ጽፌያቸዋለሁ።

51 ፔጋሲ ከእኛ 50 የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች። ግዝፈቷ ከፀሐይ በ10 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ ቀለሟና የገጿ ሙቀት ግን ከፀሐይ ብዙም አይለይም። ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ የተባሉ የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች በደቡብ ፈረንሳይ በሚገኘው የኦት ፕሮቫንስ የምልከታ ጣቢያ ኤሎዲ በተባለ መሣሪያ ሲከታተሏት ቆይተው፣ መስከረም 25 ቀን 1988 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 6 ቀን 1995) ፍሎሬንስ ከተማ ላይ በተደረገ ጉባኤ ፕላኔት እንዳላት አስታወቁ። ፀሐይን በምትመስል ኮከብ ዙሪያ የተገኘ የመጀመሪያው ፕላኔት ይኸው ነው። ጄፍሪ ማርሲና ፖል በትለር ወዲያውኑ ካሊፎርኒያ ከሚገኘው የሊክ የምልከታ ጣቢያ ውጤቱን አረጋገጡ፤ ማዮርና ኬሎም እ.ኤ.አ. በ2019 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማትን እኩሌታ ተካፈሉ። ሁሉን ያስገረመው የዙሩ ማጠር ነበር። የእኛ ጁፒተር ፀሐይን ለመዞር 12 ዓመት ያህል ሲፈጅበት፣ ይህኛው ግን ኮከቡን በ4 ቀን ከ6 ሰዓት ገደማ ዞሮ ይጨርሳል።

ወቅትና ቦታ መምረጥ

በጎጃም የክረምቱ ደመና እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ ሰማዩን ሸፍኖ ስለሚቆይ፣ ተመራጩ ጊዜ ከጥቅምት መግቢያ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለው ነው። ኮከቧ በመስቀል ሰሞን ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገደማ፣ በጥቅምት አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት አለፍ ሲል፣ በኅዳር አጋማሽ ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት አለፍ ሲል ከፍተኛ ቦታዋ ላይ ትደርሳለች። ማንኛውም ኮከብ በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ስለሚወጣ፣ በመካከል ላሉት ቀናት ሰዓቱን በዚህ ልክ እየቀነሱ ማግኘት ይችላሉ።

የጎጃም ኬክሮስ ለዚህ ሥራ እጅግ የተመቸ ነው። ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ከሲሶ ላይ ትገኛለች፤ ኮከቧ ደግሞ ከሰማዩ ወገብ፣ ማለትም ከምድር ወገብ ትይዩ ሰማይ ላይ ከሚታሰበው መስመር፣ በስተሰሜን 20 ዲግሪ ከ46 ደቂቃ ላይ ናት። ስለዚህ በምትገንበት ሰዓት ከአናት በ10 ዲግሪ ብቻ ወደ ሰሜን አዘንብላ ትታያለች፤ ፕላኔቱ በተገኘበት በኦት ፕሮቫንስ ግን ከአናት 23 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ትርቃለች። ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ የሚያቋርጠው አየር በዚያው ልክ ያነሰ ነው።

ጨረቃ የሌለችበትን ምሽት ይምረጡ። ከከተማ መብራት ቢያንስ አንድ ኮረብታ ያህል ይራቁ፤ በጮቄ ግርጌ ያሉት ከፍታዎች ለዚህ የሚወዳደራቸው ቦታ ጥቂት ነው። ብርዱን ግን አይናቁት። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው በከንቱ አይደለምና ጋቢ ደርበው፣ መሬት ላይ የሚያነጥፉት አጎዛ ወይም ሰሌን ይዘው ይውጡ። ከደረሱ በኋላ ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ለግማሽ ሰዓት ያህል የስልክዎን መብራት አይክፈቱ። የኮከቧ ድምቀት 5.5 ስለሆነ (ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ኮከቡ ይደበዝዛል) ያለ መሣሪያ ከሚታዩት ከዋክብት መካከል ከደብዛዞቹ ወገን ናት፤ ይህን ጥንቃቄ የዘለለ ሰው አያገኛትም።

ኮከቧን ማግኘት

እግርዎን ወደ ሰሜን፣ ራስዎን ወደ ደቡብ አድርገው በጀርባዎ ይተኙ፤ ምዕራብ በግራ እጅዎ በኩል ይሆናል። ከላይ በተጠቀሰው ሰዓት ቀጥ ብለው ሲመለከቱ፣ ከአናትዎ እስከ ቀኝዎ የተዘረጋ፣ አራት ኮከቦች ማዕዘን ማዕዘኑን የያዙለት ሰፊ አራት ማዕዘን ያያሉ። ውስጡ ባዶ ሊባል የሚችል ስለሆነ በቀላሉ ይለያል። እጅዎን ዘርግተው ጭብጥዎን ቢያስጠጉበት የአንዱ ጎን ርዝመት ከአንድ ጭብጥ ትንሽ ይበልጣል። ይህ የፔጋሰስ አራት ማዕዘን ነው።

አሁን ምዕራባዊውን ጎን፣ ማለትም የግራውን፣ ብቻ ይያዙ። ወደ አናትዎ የቀረበው ኮከብ ማርካብ ነው፤ ወደ እግርዎ በኩል ያለው፣ ቀላ የሚለው፣ ሼያት ይባላል። ከማርካብ ተነሥተው ወደ ሼያት የሚወስደውን መንገድ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይቁሙ፤ ከዚያ ከአራት ማዕዘኑ ውጭ ወደ ግራ፣ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ሦስት ጊዜ ያህል ይውጡ። እዚያ ያለችው ደብዛዛ ኮከብ 51 ፔጋሲ ናት። እርግጠኛ ለመሆን ከእርሷ ወደ ሰሜን ምዕራብ 4 ዲግሪ ያህል ራቅ ብለው እርስ በርስ የተጠጉ፣ ከእርሷ በግልጽ የሚደምቁ ሁለት ኮከቦች መኖራቸውን ይመልከቱ፤ ሙ ፔጋሲና ላምዳ ፔጋሲ የሚባሉት ናቸው። 7 በ50 የሆነ ባይኖኩላር ያለው ሰው ደግሞ ማርካብን በዕይታው ደቡባዊ ጠርዝ ላይ ሲያደርግ 51 ፔጋሲ በተቃራኒው ጠርዝ አካባቢ ትገባለታለች።

ፕላኔቱ በዚህ መንገድም ሆነ በትልቅ ቴሌስኮፕ አይታይም፤ የኮከቧ ብርሃን ይውጠዋል። መገኘቱን ያሳወቀው የኮከቧ እንቅስቃሴ ነው።

የብርሃኑን ለውጥ ወደ ፍጥነት መለወጥ

ፕላኔት በኮከብ ስበት ተይዞ ሲዞር ኮከቧንም መልሶ ይስባታል፤ ሁለቱም የሚዞሩት በጋራ የክብደት ማዕከላቸው ዙሪያ ነው። ስለዚህ ኮከቧ አንድ ጊዜ ወደ እኛ፣ አንድ ጊዜ ከእኛ ወደ ወዲያ ትንቀሳቀሳለች። ስትቀርብ የብርሃኗ የሞገድ ርዝመት ያጥራል፤ ስትርቅ ይረዝማል። ዶፕለር በተባለው በዚህ ሕግ መሠረት የሞገዱ ለውጥ ለራሱ ለሞገዱ ርዝመት ሲካፈልና በብርሃን ፍጥነት ሲባዛ የኮከቧ ፍጥነት ይገኛል።

51 ፔጋሲ የምትወዛወዘው በሰከንድ 56 ሜትር ነው፤ ይህም በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። 56 ለ300,000,000 ሲካፈል 0.000000187 ስለሆነ፣ የሞገድ ርዝመቱ 500 ናኖሜትር በሆነው አረንጓዴ ብርሃን ላይ የሚታየው ለውጥ 0.00009 ናኖሜትር ብቻ ነው። ኤሎዲ በሺህ የሚቆጠሩ የኮከቧን የብርሃን መስመሮች በአንድነት በማነጻጸር በሰከንድ 13 ሜትር ያህል ስሕተት ብቻ ይዞ ይህን መለካት ቻለ። ይህን ክፍል ቤት ውስጥ መሥራት አይቻልም፤ የተለኩት ፍጥነቶች ግን በናሳ የኤክሶፕላኔት (ሌሎች ኮከቦችን የሚዞሩ ፕላኔቶች) መዝገብ ለሁሉም ክፍት ናቸው። ሰንጠረዡን ሲያወርዱ ጊዜው በጁልያን ቀን፣ ማለትም ያለ ወርና ያለ ዓመት ተከታትሎ በሚቆጠር የቀን ቁጥር ተጽፎ ያገኙታል፤ ከሁሉም ላይ የመጀመሪያውን ቀን ይቀንሱ። ኮከቧ ከነፕላኔቷ በሰከንድ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ እኛ ስለምትጓዝ፣ የፍጥነቶቹን አማካይ ከእያንዳንዱ ላይ ያንሡ። የሚቀረው ውዝዋዜው ብቻ ነው።

ዙሩን ማግኘት

የመመሪያው ዋና ነገር እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን ማውጫ ስሌት፣ የተማረ ሰው የስሌቱን ጠባይ አስቀድሞ ያውቀዋል። 2018 ዓ.ም. ላይ 5500 ተደምሮ የሚገኘው 7518 ለ19 ሲካፈል ድርሻው ይተዋል፤ ቀሪው 13 ይያዝና 1 ተቀንሶለት ወንበሩ 12 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ፣ ማለትም ሙሉ ሙሉው ሠላሳ ወጥቶ ቀሪው ሲያዝ፣ ደግሞ አበቅቴው 12 ይወጣል። የሚፈለገው ዙሩ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ሳይሆን በዙሩ ውስጥ የትኛው ቦታ ላይ እንዳለን ነው። የኮከቧን ቀናትም በፕላኔቱ ዙር እንገድፋቸዋለን፤ ልዩነቱ የእኛ ዙር ሙሉ ቁጥር ሳይሆን 4.2308 ቀን መሆኑ ነው።

ለልምምድ እንዲሆን ከታች ያሉትን ቁጥሮች ይጠቀሙ። በምልከታ የተለኩ ሳይሆኑ፣ በ0ኛው ቀን ፍጥነቱ ዜሮ ሆኖ ወደ ላይ መነሣት ጀመረ ብዬ በሳይን ያሰላኋቸው ናቸው፤ ፍጥነቱ በሰከንድ በሜትር ነው።

0ኛ ቀን፦ 0
1ኛ ቀን፦ 56
2ኛ ቀን፦ 10
3ኛ ቀን፦ −54
4ኛ ቀን፦ −19
5ኛ ቀን፦ 51
9ኛ ቀን፦ 40

በመጀመሪያ እነዚህን በቀናቸው ቅደም ተከተል በካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ ያድርጓቸው፤ ወዲያ ወዲህ የሚዘሉ ይመስላሉ። ቀጥሎ እያንዳንዱን ቀን ለ4.2308 ያካፍሉና ከነጥቡ በኋላ ያለውን ክፍልፋይ ብቻ ይያዙ። 1ኛው ቀን 0.236፣ 2ኛው 0.473፣ 3ኛው 0.709፣ 4ኛው 0.945 ይሆናል። 5ኛው ቀን 1.182 ስለሚሆን አንዱን ትተው 0.182ን ይይዛሉ፤ 9ኛውም ከ2.127 ላይ ሁለቱ ተትቶ 0.127 ይሆናል። አሁን በክፍልፋዩ ቅደም ተከተል እንደገና ነጥብ ቢያደርጉ፣ የ9ኛው ቀን ነጥብ በ0ኛውና በ5ኛው መካከል ተሰክቶ፣ ሰባቱም ነጥቦች በአንድ ለስላሳ ሞገድ ላይ ይደረደራሉ።

ዙሩ አስቀድሞ ካልታወቀ ግን እየገመቱ መፈተን ግድ ነው። ዙሩ 5 ቀን ነው ቢባል 0ኛውና 5ኛው ቀን አንድ ቦታ ላይ ይወድቃሉ፤ አንዱ 0፣ ሌላው 51 ስለሆነ ግምቱ ይፈርሳል። 4 ቀን ነው ቢባል ደግሞ 1ኛው፣ 5ኛውና 9ኛው ቀን አንድ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ፍጥነታቸው 56፣ 51፣ 40 ስለሆነ ለጊዜው የተቀራረበ ይመስላል፤ ነገር ግን ልዩነቱ ቀኑ በራቀ ቁጥር እየሰፋ መሄዱ ዙሩ ከ4 ትንሽ እንደሚበልጥ ይጠቁማል። በዚህ መንገድ 4.1ን፣ 4.2ን፣ 4.3ን እየሞከሩ ማጥበብ ይቻላል። ምልከታው በብዙ ወራት ላይ በተዘረጋ ቁጥር ዙሩ ይበልጥ በትክክል ይታወቃል።

አንድ ወጥመድ አለ። ከላይ ያሉት ነጥቦች ሁሉ በየቀኑ በአንድ ሰዓት የተያዙ ስለሆኑ 1.31 ቀን የሆነ ዙርም እኩል ይገጥማቸዋል፤ ሞገዱ ተገልብጦ ይታያል እንጂ አንድም ነጥብ አይወጣም። መፍትሔው በአንድ ሌሊት ውስጥ በተለያየ ሰዓት የተለኩ ፍጥነቶችን መጨመር ነው። የእውነተኛውን ሰንጠረዥ ሲመርጡም ሰዓታቸው የተለያየ ምልከታዎች መኖራቸውን ያረጋግጡ።

ርቀቱ፣ ፍጥነቱና ግዝፈቱ

ከዚህ በኋላ ያለው ስሌት አጭር ነው። የኮከቧን ግዝፈት 1.1 የፀሐይ ግዝፈት ብለን እንይዛለን።

ሀ. ዙሩን ወደ ዓመት ይለውጡ፦ 4.2308 ÷ 365.25 = 0.01158።

ለ. በኬፕለር ሦስተኛ ሕግ መሠረት ይህን ቁጥር በራሱ አባዝተው በ1.1 ያባዙ፤ 0.0001476 ያህል ይወጣል። ሦስት ጊዜ ተደርድሮ ሲባዛ ይህን የሚሰጠው ቁጥር 0.0528 ነው። ፕላኔቱ ከኮከቧ የሚርቀው ምድር ከፀሐይ የምትርቀውን 0.0528 እጅ፣ ማለትም 7.9 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው። ለፀሐይ ከሁሉ የቀረበው ሜርኩሪ እንኳ ከዚህ ሰባት እጥፍ ይርቃል።

ሐ. የምሕዋሩን ዙሪያ ለዙሩ ጊዜ ያካፍሉ፦ 2 × 3.1416 × 7,900,000 ኪሎ ሜትር ÷ 365,541 ሰከንድ። ፕላኔቱ በሰከንድ 136 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ምድር የምትጓዘው በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ነው።

መ. የኮከቧ ግዝፈት በፍጥነቷ ሲባዛ፣ ከፕላኔቱ ግዝፈትና ፍጥነት ብዜት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ 1.1 × 56 ÷ 136,000 = 0.000453 የፀሐይ ግዝፈት። ፀሐይ ከጁፒተር 1,047 ጊዜ ስለምትገዝፍ በዚህ ቁጥር ሲያባዙት 0.47 የጁፒተር ግዝፈት ያገኛሉ። ይህም የምድርን 150 እጥፍ ያህል ነው።

ይህ ቁጥር ግን ዝቅተኛው ወሰን ነው። መሣሪያው የሚለካው ወደ እኛና ከእኛ የሚደረገውን እንቅስቃሴ ብቻ ስለሆነ፣ ምሕዋሩ ለዕይታችን ዘንበል ያለ ከሆነ እውነተኛው ፍጥነት ከተለካው ይበልጣል። የዘንበልታውን ማዕዘን (ምሕዋሩን ልክ በጠርዙ ብናየው 90 ዲግሪ የሚሆነውን) ሳይን ወስደው 0.47ን ያካፍሉለት፤ ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ቢሆን 0.54፣ 30 ዲግሪ ቢሆን 0.94 ይሆናል። ውጤቱን ለተማሪ ወይም ለጓደኛ ሲያሳዩ «ቢያንስ» የምትለውን ቃል ፈጽሞ አይርሷት።

ሙቀቱንም መገመት ይቻላል። የኮከቧን ግማሽ ስፋት፣ 835,000 ኪሎ ሜትር፣ የፕላኔቱ ርቀት እጥፍ ለሆነው ለ15.8 ሚሊዮን ያካፍሉ፤ የውጤቱን ካሬ ሥር አውጥተው በኮከቧ የገጽ ሙቀት በ5,790 ኬልቪን ያባዙ። ፕላኔቱ የሚደርሰውን ብርሃን ሁሉ ቢውጥ ሙቀቱ 1,330 ኬልቪን ወይም ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሆናል። እዚያ ሆኖ ለሚያይ ኮከቧ በ12 ዲግሪ ስፋት፣ ጭብጥዎ ሰማይ ላይ ከሚሸፍነው በለጥ አድርጋ፣ ትታያለች።

ውዝዋዜው ከኮከቧ ከራሷ የሚመጣ ሊሆን አይችልም ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ተመራማሪው ዴቪድ ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1997 የኮከቧ የብርሃን መስመሮች ቅርጽ ይለዋወጣል፣ ስለዚህ የምትርገበገበው ራሷ ኮከቧ ናት የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ነበር፤ በተሻለ ልኬት በ1998 ሲመረምር ግን ለውጡን ስላላገኘው ራሱ የፕላኔቱን መኖር ደገፈ። ጥያቄውም ሆነ መልሱ ለሳይንስ ክበብ ውይይት የሚሆን ጥሩ ርዕስ ነው።

ቴሌስኮፕ ላለው ትምህርት ቤት

የ51 ፔጋሲ ፕላኔት በኮከቧ ፊት ሲያልፍ አልታየም። እንዲህ ያለ የቅርብ ምሕዋር በፊት ለፊት የማለፍ ዕድሉ ከአሥር አንድ ገደማ ነው። በዚያው በፔጋሰስ ውስጥ ያለችው ኤችዲ 209458 ግን ይህን ዕድል አግኝታለች። ድምቀቷ 7.65 ስለሆነ ባይኖኩላር ያስፈልጋታል፤ በየ3.52 ቀኑ ለ3 ሰዓት ያህል ብርሃኗ በ1.5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ዴቪድ ሻርቦኖና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ይህን የያዙት 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላት ቴሌስኮፕ ነበር፤ በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ከሚገኙት አትበልጥም።

ሥራው ካሜራውን ሰማዩን በሚከተል ማቆሚያ ላይ አስሮ፣ ማለፉ ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ቀድሞ እስካበቃ አንድ ሰዓት በኋላ ድረስ በተመሳሳይ ቅንብር ያለማቋረጥ ፎቶ ማንሣት ነው። ትኩረቱን ሆን ብለው ትንሽ ያደብዝዙት፤ ብርሃኑ በብዙ የካሜራው ነጥቦች ላይ ሲሰራጭ ልኬቱ ይረጋጋል። የኮከቧን ብርሃን ሁልጊዜ በዚያው ፎቶ ላይ ላሉ ሌሎች ኮከቦች ብርሃን ያካፍሉ፤ ስስ ደመና ቢያልፍ ሁሉንም እኩል ስለሚያደበዝዛቸው ውጤቱ አይበላሽም። የ1.5 በመቶ ካሬ ሥር 0.12 ነው፤ የፕላኔቱ ስፋት የኮከቧን 12 በመቶ ያህል፣ የጁፒተርን ደግሞ 1.4 እጥፍ ይሆናል። ግዝፈቱ 0.7 የጁፒተር ግዝፈት ስለሆነ እፍጋቱ ከውኃ ሲሶ ብዙ አይርቅም። ሙቀቱ አሳብጦታል።

ስሌቱን የወደዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ወዲያው ወደ ኤችዲ 16175 መሄድ ይፈልጋሉ፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 ኮከቧን ቡና፣ ፕላኔቷን አቦል ብላ ስለሰየመቻቸው ፍላጎቱ ይገባኛል። ቡና በአንድሮሜዳ ውስጥ ናት፤ በእነዚሁ የጥቅምትና የኅዳር ምሽቶች በባይኖኩላር ትታያለች። ይሁን እንጂ የአቦል ዙር ከሁለት ዓመት ተኩል ይበልጣል፤ ምሕዋሩም በጣም ሞላላ ስለሆነ የፍጥነቱ መስመር እንደ 51 ፔጋሲ ለስላሳ ሞገድ አይሆንም፤ በአንድ በኩል ሹል፣ በሌላው ዘርጋ ያለ ነው። ዙሩን በመግደፍ የማግኘቱና የርቀቱ ስሌት እንዳለ ይሠራል፤ በሐ እና በመ የተቀመጡት ግን ክብ ምሕዋርን የሚመለከቱ ስለሆኑ ለአቦል መስተካከል አለባቸው።